ስንቋን ያደለችው ልጅና የአዳማጭነት ዘመኔ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ሊሞላ ሁለት ወር ይቀረዋል። አባቴ ይህን አንብቦ፣ «እኔ ሳልወጣ አንች ጡረታ ወጣሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሌላ ቃል አጣሁለት። ሦስት ዓመት ከምናምን ሠርቼ፣ የክበባችንን ክፍል ቁልፍ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች አስረክቤ፣ ርክክቡ ላይ ፈርሜ፣ «በሉ እንግዲህ፣ አደራ» ብዬ ወጣሁ። ሰው እንዲህ አድርጎ ከሥራው ሲወጣ ጡረታ ነው የሚባለው።

ሥራዬ ማዳመጥ ነበር። ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የአቻ ለአቻ ምክክር ክበብ የሚባል አለ። ልጅ ሲከፋው፣ ከቤት ሲጋጭ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ለመምህር ከመናገር ይልቅ ለእኩያው መናገር ይቀለዋል ተብሎ የተቋቋመ ነው። እኛ እንሰማለን፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለሚያውቅ ሰው እናደርሳለን። ከሁሉም በላይ የሠለጠንነው ግን ለአንድ ነገር ነው፤ መኖር የሰለቸውን ልጅ ቶሎ ለይቶ ለማወቅና ብቻውን ላለመተው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ስጀምር ይህን ያህል መሆኑን ባውቅ ኖሮ በአጥር ዘልዬ እጠፋ ነበር።

ደመወዙን ለሚጠይቁኝ፦ በዓመት አንድ ሰርተፍኬትና አንድ ቲሸርት ነው። ቲሸርቱ ሁለቴ ሲታጠብ ለታናሽ እህቴ ይሆናል። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ክበቡ የገባሁትም ለቲሸርቱ ነው።

ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ መጡና አሥራ ሁለታችንን በአንድ ክፍል ሰበሰቡን። ሲስተር የሺ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ የነጭ ጋውናቸው ኪስ የተቆላ ሽምብራ የማያጣ። ሲያወሩን እንኳ አንድ አንድ እያወጡ ይቆረጥማሉ። ያን ቀን መጀመሪያ ያስተማሩን አቀማመጥ ነው። አዎ፣ አቀማመጥ! «ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ጎን ለጎን ሁኑና ሁለታችሁም አንድ ነገር እዩ። ዛፍ ቢሆን፣ ኳስ የሚጫወት ሰው ቢሆን። ዓይን ዓይኑን የምታዩት ሰው ልቡን ይደብቃል» አሉ።

ቀጥለው ደግሞ ጥያቄውን አመጡት። ጥያቄው፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ነው። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ሲስተር፣ እንዲህ ብለን ከጠየቅነው ያላሰበውን ሐሳብ አናስይዘውም?» አላቸው። «አታስይዙትም» አሉ። «ያላሰበው ሰው ‹ኧረ በስመአብ› ይላችኋል። ያሰበው ግን ስንት ወር ሙሉ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። ስትጠይቁት ይተነፍሳል።»

ለልምምድ ተነሽ ተባልኩ። ሲስተርን ራሳቸውን ልጠይቅ ማለት ነው። ጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«ሲስተር... እ... መጥፎ ነገር አስበው ያውቃሉ?»

«አዎ» አሉ፤ ሽምብራቸውን እየቆረጠሙ። «ትናንት የጎረቤቴን ዶሮ ልሰርቅ አስቤ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «አየሽ፣ ያላልሽውን አይመልሱልሽም። ቃሉን በስሙ ጥሪው። ‹ምሳ በልተሻል?› በምትይበት ድምፅ፤ ሳትጮኺም ሳታንሾካሽኪም።» አምስት ጊዜ አስባሉኝ። በአምስተኛው ድምፄ ምሳ ሆነ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲያለቅስ «አይዞሽ» አይሉም፤ ለመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ፈጽሞ። «አይዞሽን ቶሎ ስትይ ‹በቃ ዝም በይ› ማለትሽ ነው» ይላሉ። ሰው ዝም ሲል በልባቸው አሥር ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው ያወቅሁባቸው። ሲለያዩ ደግሞ «ደህና ሁኚ» ብለው አይሄዱም። «ነገ በስንት ሰዓት እንገናኝ?» ይላሉ፤ ደግሞም ይገኛሉ፤ ዝናብ ቢሆን፣ መብራት ቢጠፋ፣ ይገኛሉ።

መጻፍ እንደምችልም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። በየወሩ ስም ሳንጠቅስ ሪፖርት እንጽፍ ነበር። አንድ ቀን የእኔን ይዘው መጡና፣ «ማስተዋል፣ ይህን ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ ግን ቤቴ እስክደርስ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ካገኘሁ አልለቅም፤ ይኸው እስካሁን።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ አገኘና ጓዛችንን በአይሱዙ ጭነን ሄድን። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ሌላ አገር ነበር። በርበሬ በየግቢው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሰው ሲያልፍ ያስነጥሰዋል። የቡሬው የክበብ ኃላፊ መምህር ስማቸው ደግሞ ከማኅተም በቀር የሚያምኑት ነገር የለም። «እቅድ ያለው ማነው?» ነው ሰላምታቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከእቅድ ውጭ የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ ይደነግጣሉ እንጂ። ያኔ ሹልክ ብለው ወጥተው ውኃ ገዝተው ይመለሳሉ።

እዚያ ነው ዘሀራን ያገኘኋት። አባቷ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ እርሷም እንደ እህል ነጋዴ ድምፅ አላት። «አንች የፍኖተ ሰላሟ፣ እዚህ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው፤ መሐረብ ይዘሽ መጥተሻል?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። እውነትም ብዙ ነበር። አንዷ የምትወደው ልጅ በቴሌግራም ብሎክ ስላደረጋት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስታለቅስ ሁለታችን ግራና ቀኝ ተቀምጠን ኳስ ሜዳውን አየን። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ «ለነገሩ አፉ ይሸታል» ብላ ተነስታ ሄደች። ሁሉም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!

አሁን ስለ እናትነሽ ልጻፍ። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ስለ እርሷ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እርሷን ዘልዬ የሥራ ዘመኔን ብተርክ ውሸታም እሆናለሁ።

እናትነሽ ከቡሬ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር የመጣች የክፍሌ ልጅ ናት። እንደ እርሷ ያሉት ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩ። ቅዳሜ በጠዋት ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ከሰዓት እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቅ ይባላል። በዚያች ስንቅ ሳምንቱን ይዘልቃሉ። ሐሙስ ላይ ያለቀበት ካላለቀበት ይበደራል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ይመልሳል። ስንቅ ለእነርሱ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ሳምንት ማለት ነው።

በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ በከረመበት ዓመት የእናትነሽ እናት ሞቱ። እርሷ የበኩር ልጅ ናት፤ ቤቱ በእርሷ ላይ ወደቀ። ትምህርት ሲከፈት እኩዮቿ ተድረዋል፤ እርሷ ከትንንሾች ጋር አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ውጤቷ ወረደ። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ስንጠይቃት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። አንድ በአንድ ስናየው ግን የማንኛውም ልጅ ችግር ይመስል ነበር፤ አንድ ላይ አላየነውም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት እናትነሽ ተለወጠች። ፊቷ በራ። ያስቀየመቻቸውን ልጆች እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። ሐሙስ ዕለት ስንቋን አውጥታ ከእርሷ ጋር በግቢው ለተከራዩት ልጆች አደለች፤ በሶዋን፣ ሽሮዋን፣ ሁሉንም። ደብተሮቿን ለዴስክ ጓደኛዋ ሰጠች። እኛ ምን አደረግን? ክበባችን «የሳምንቱ በጎ ሰው» የሚል ፕሮግራም ነበረው፤ አርብ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚኒ ሚዲያ ይነበባል። እኔ ጻፍኩት። እኔ አነበብኩት። «ለጓደኞቿ ያላትን ሁሉ የሰጠች!» ብዬ። ሰልፉ አጨበጨበላት። እርሷ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች።

ያን ጽሑፍ ቀድጄዋለሁ፤ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት።

«ወደ ቤት አትሄጅም እንዴ? ስንቅሽ አልቋል እኮ።»

«አያስፈልገኝም» አለች። ቀስ ብላ እጄን ያዘችኝ። «ማስቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ለማንም አልናገርም በይ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ።

አገሬውን የማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ ማርያምን ያለ ሰው አፉ ተቆልፏል። አራት ዓመት ሲሞላን ጀምሮ እርስ በርስ የምንተሳሰርበት ገመድ ነው። ሥልጠናው ላይ የተሰጠን ወረቀት «ምስጢር ይጠብቁ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር» ይላል። ወረቀቱ ግን ማርያምን አያውቅም።

«ደክሞኛል» አለችኝ። «ከእንግዲህ ለአባቴ ሸክም አልሆንም። እርሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ።»

ያን ሁሉ የተማርኩት ልጅ ምን ብል ጥሩ ነው? አይዞሽ። አይዞሽ፣ ያልፋል፣ እግዚአብሔር አለ፣ እያልኩ ለፈለፍኩ። ጥያቄውን አልጠየቅኋትም። መልሱን ስለፈራሁ ነው። እርሷ ሁሉንም ሰምታ «እሺ» አለችና ተለያየን። «ነገ በስንት ሰዓት?» እንኳ አላልኩም።

ቀኑን ሙሉ የሲስተር የሺን ስልክ ቁጥር አወጣሁ፣ መለስኩ። ዘሀራ ቤት ሄድኩና፣ «አንድ ሰው ምስጢር ይዞ ቢምል፣ መሐላውን ቢያፈርስ እንዴት ይሆናል?» አልኳት።

«ምስጢሩ ምንድን ነው?»

«አልናገርም።»

«እንግዲያ እኔን ምን አስጠየቀሽ? ሂጅ ወዲያ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል፤ እንጀራ ብይ» አለች። በላሁ። እናም ዝም አልኩ። መሐላዬን ጠበቅሁ።

በማግሥቱ እሑድ እናትነሽ ራሷን ለማጥፋት ሞከረች። አከራይዋ እትዬ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሯን አንኳኩተው ስላልከፈተች በጎረቤት አስከፍተው ደረሱላት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም። ተረፈች። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባች።

እኔ ለሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ሲስተር የሺ ረቡዕ ረቡዕ ቡሬ ጤና ጣቢያ ይመጡ ነበርና በዚያው ቤታችን መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጎኔ ተቀመጡ። እናቴ ግራ ገብቷት በሩ ላይ ቆማለች። ከአሥርም አልፈው ሃምሳ ሳይቆጥሩ አልቀሩም፤ ማርያምን ማለቴን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ነው?»

«አልሞተችም» አሉ መጀመሪያ። ቆየት ብለው፣ «ስህተት ሠርተሻል። አልሠራሽም ብዬ አላታልልሽም። ግን እዚህ ያደረሳት አንድ ነገር አይደለም፤ ሐዘኑ አለ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አለ፣ ያለፈባት ዓመት አለ፣ ሕመም ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ሰው ሁሉ እኔን ቢያጣ ይሻለዋል ያሰኛል። አንች ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱ በር ነበርሽ፤ ተዘጋ። ደግሞ በሩን እንድትዘጊው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት በዚህ አገር ስሠራ ሰው ሁሉ ማርያምን እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ስለ እርሱ አላስተማርኳችሁም።»

እርሳቸው እንዲህ ሲሉ ነው ያለቀስኩ። አይዞሽ አላሉኝም። ሽምብራ ሰጡኝ።

ሊወጡ ሲሉ፣ «ነገ በስንት ሰዓት?» አሉኝ።

የንስሐ አባታችንንም ጠየቅኋቸው፤ መሐላው እየከነከነኝ። አባ ሳቅ ብለው፣ «እመቤታችን እናት ናት፤ የሰው ልጅ እንዳይሞት አፍሽን ብትከፍቺ ትቀየመኛለች ብለሽ ነው?» አሉኝ። ይህን ቅዳሜ ዕለት ሄጄ ብጠይቅ ምን ነበረበት! ቤታቸው ከእኛ ቤት አራት አጥር ነው የሚርቀው።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ተለወጠ። በጎ ሰው የሚባለውን ፕሮግራም አስቀረን። መምህር ስማቸው፣ «በእቅዱ ውስጥ አለ እኮ» አሉ፤ ዘሀራ፣ «መምህር፣ እቅዱም ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አለቻቸው። በሩ ላይ ዘሀራ በትልቁ ጻፈች፦ «እዚህ ቤት ማርያምንም ወላሂም አይባልም። ያልሽውን ሁሉ ይዘን እንቆያለን፤ ሕይወትሽን የሚነካ ከሆነ ግን እንናገራለን።» ልጁ አፉን ሳይከፍት በፊት ይህን እናነብለታለን። ይሸሻሉ ብለን ፈርተን ነበር። አንዳቸውም አልሸሹም።

እሑድ ከሰዓት ደግሞ ተራ ገባን። ከገጠር የሚመለሱት ተማሪዎች በሚገቡበት መንገድ ላይ ቆመን ስንቅ እናግዛለን። ሰው የሚያየው ሸክም ስናግዝ ነው። እኛ የምናየው ግን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ስንቅ ሳይዝ እንደተመለሰ ነው። ስንቅ ሳይዝ የመጣውን ዘሀራ፣ «አንተ፣ እናትህ አባረረችህ እንዴ?» ብላ ታስቀዋለች፤ ከዚያ እኔ ጎን ለጎን ቤቱ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጥያቄው ይደርሳል። አብዛኛው፣ «ኧረ በስመአብ፣ እናቴ ታማ ነው» ይላል። ሁለቱ ግን በዚያ ዓመት «አዎ» አሉኝ። ሁለቱንም ሲስተር የሺ ዘንድ ወሰድናቸው። ዛሬ ሁለቱም አሉ።

በዚያው ክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስንመዘገብ የእናትነሽን ቀበሌ መረጥኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እያገዝኩ ቤት ለቤት እዞር ነበር። እናትነሽ ከሆስፒታል ወጥታ አባቷ ጋር ናት፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ትንሽ ትንሽ ትስቃለች። አባቷን አያ ይሁኔ እንላቸዋለን። በቀን አሥር ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ስድስቱ ለበሬዎቻቸው ነው። መጀመሪያ ቀን በር ላይ ሲያዩኝ፣ «እንዴት ከረምሽ ልጄ። ግቢ» አሉ፤ አራቱን ቃል፣ የእኔን ድርሻ፣ ጨረሱ ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ጤፍ ስናርም ከእናትነሽ ጋር ጎን ለጎን ነበርን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ጥቂት ሳምንት መድኃኒቷን ማቋረጧን ያኔ አላወቅሁም፤ «ድኛለሁ» ብላ ትታው ኖሯል። የነቀለችውን አረም መሬት ላይ ጣለችው።

«ማስቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ማርያምን በይ።»

አሥር ቆጠርኩ። ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ይሆናል።

«ማርያምን» አልኩ፤ «እናገራለሁ።»

«ምን?»

«ማርያምን፣ ለአባትሽና ለሲስተር እናገራለሁ። ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ አልነግርሽም!»

«እሺ። እኔ ልጠይቅሽ እንግዲያ። እናትነሽ፣ ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?»

ድምፄ ምሳ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እርሷ ጤፉን ታያለች፣ እኔም ጤፉን አያለሁ።

«አዎ» አለች።

ከዚያ በኋላ ለአንዲት ደቂቃ ብቻዋን አልተውኳትም። አያ ይሁኔን ከማዶ ማሳ በጩኸት ጠራኋቸው፤ በሬ ጤፉ ውስጥ የገባ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ነገርኳቸው። ቃሉን በስሙ ጠርቼ ነገርኳቸው። ጭቃ ላይ ቁጭ አሉ። እናትነሽ፣ «ከሃዲ!» ብላ አፈጠጠችብኝ።

አያ ይሁኔ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። «አንች ሸክም ነኝ ብለሽ ነው?» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ እኔ ጠዋት የምነሣ አንች ስትንጎዳጎጂ ስሰማ ነው። ዝም ያልሽ ቀን በሬዎቹም አይፈቱም ነበር።» በአንድ ጊዜ ያን ያህል ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እናትነሽ ወደ ሌላ ዞረች።

ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ሦስታችንም ወጣን፤ እርሷ በመካከላችን። ሲስተር የሺ በስልክ አያ ይሁኔን በዝርዝር አዘዟቸው፤ ቤት ውስጥ ሊጎዳት የሚችል ነገር ሁሉ ወደ ወንድማቸው ቤት እንዲሄድ፣ ያን ምሽት ብቻዋን እንዳትሆን፣ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንዲመጡ። አያ ይሁኔ እያንዳንዷን ቃል፣ «እሺ እመቤቴ፣ እሺ እመቤቴ» እያሉ ተቀበሉ። ጠዋት አስፋልቱ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን። ሲስተር የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን ነበር። መድኃኒቷ ተስተካከለ፣ በየሳምንቱ ከሲስተር ጋር መነጋገር ጀመረች።

እኔን ግን ማናገር አቆመች። ፈጽማ።

መስከረም ላይ ተመልሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ከእኔ ሁለት ዴስክ ርቃ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ ሰላም አላለችኝም። በመልእክት ብቻ! «ዘሀራ፣ ለማስተዋል ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም ራሷን ታዙር በያት።» ዘሀራም ጮክ ብላ፣ «ማስተዋል፣ ራስሽ ትልቅ ነው ተብለሻል» ትለኛለች። ተጎዳሁ። ሲስተርን፣ «ጓደኛዬን አጣሁ እኮ» ብላቸው፣ «ይሄ ሊያጋጥም ይችላል። ታዲያ ወደ ኋላ ብትመለሺ እንደገና ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ። አሥር መቁጠር አላስፈለገኝም። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያ ሥራሽን ሠርተሻል፤ መታረቁ የእርሷ ፈንታ ነው» አሉ።

እናም ባለፈው ሳምንት፣ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትነን ስንወጣ ዝናብ ጣለ። ባጃጅ ሁሉ ሞልቷል። አንዱ ቆመና ሮጬ ገባሁ፤ በወዲያ በኩል ደግሞ እናትነሽ ከነሻንጣዋ ገባች። ተያየን። ልትወርድ ስትል ሾፌሩ ሌላ ወፍራም ሰውዬ ጨመረብንና ተጣበቅን፤ ግማሽ እግሯ ጭኔ ላይ ነው። ሁለታችንም ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ እያየን ሄድን።

«እንዳይመስልሽ» አለች ድንገት፤ በቀጥታ ለእኔ። «አልታረቅሁሽም።»

«እሺ» አልኩ።

«መስከረምም ላይ አልታረቅሽም።»

«እሺ።»

«ውጤት መጥቶልኝ ዩኒቨርሲቲ ብገባም አልታረቅሽም። ነርስ ሆኜ ብመረቅም፣ ፎቶ እንነሣ ብትዪኝ እምቢ ነው የምል።»

ነርስ ለመሆን እንደምትፈልግ አላውቅም ነበር። «እሺ» አልኩ በቀጭኑ።

«ስታገቢ ሰርግሽ ላይ መጥቼ አኩርፌ ነው የምቀመጥ። የፊት ወንበር ላይ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። እናትነሽም ከንፈሯን ነክሳ ስትታገል አየኋት።

«አርጅቼም አልተውሽም» አለች። «ከዘራ ይዤ መጥቼ አኮርፍሻለሁ።» ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ክንዴን ጨብጣ ያዘች፤ ሲረጋም አልለቀቀችኝም። «ያኔ የት ነው የምትኖሪ?»

«እንጃ። አላውቅም።»

«ስታውቂ ንገሪኝ» አለች። «አለበለዚያ የት መጥቼ ነው የማኮርፍሽ?»